ርክክብ ያልተፈጸመበት ሽንት ቤት

መጠለያው ውስጥ ምላጭ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ በዚያ ምላስ አንዴ የተላጨ ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም።

ሳትፈናቀል በፊት አሥራ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ጽዳት ነበረች። ስምንት መቶ ተማሪ፣ ስድስት ሽንት ቤት። «ዳይሬክተሩ ትምህርት ቤቱን በፊት ለፊት ነው የሚያውቀው፣ እኔ ግን በጓሮ በኩል ነው የማውቀው» ትላለች። ባሏ ሞተ፣ ልጅ አልሰጣትም፣ የቀረላት ውርስ አንዲት አማት ናት። እሷም እግሯ የማይታዘዝላት። ሸሽተው የወጡ ቀን ምላጭ ፍራሹን ጣለች፣ ድስቱን ጣለች፣ አማቷን አዝላ ሁለት ቀን ተጓዘች። አሮጊቷ መንገዱን ሙሉ ጆሮዋ ሥር፣ «ቀስ በይ፣ ወገቤን ሰበርሽው! ልጄ ቢኖር እንዲህ አያንገላታኝም።»

«ልጅዎማ ቢኖር እርስዎን እኔ ላይ ጭኖ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።»

ሰባት ዓመት ተኮራርፈው የኖሩት ሴቶች በዚያ መንገድ ታረቁ ይባላል። ውሸት ነው። እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ መላቀቅ ነው ያቃታቸው።

መጠለያው ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሸራ ነው፤ ከሥሩ አራት ሺህ ሰው። ሽንት ቤት ተብሎ በመጀመሪያው ወር በጥድፊያ ስምንት ጉድጓድ ተቆፍሮ በላስቲክ ተጋርዶ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ስድስቱ ሞልተው ገነፈሉ፣ ላስቲኩን ነፋስ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ወንዱ ቁጥቋጦ ሥር፣ ሕፃኑ የትም፣ ሴቷ ደግሞ እስኪመሽ ጥርሷን ነክሳ። ዝንቡማ ተመዝግቦ እርዳታ የሚወስድ እስኪመስል ድረስ ወፍሯል።

ታዲያ አዲስ ሽንት ቤት አልተሠራም? ተሠርቷል እንጂ! በብሎኬት ግድግዳ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ አሥራ ሁለት ክፍል፣ ሁሉም ከውስጥ መቀርቀሪያ ያለው፤ አንደኛው ክፍል እግሩ ለማይችል ሰው መደገፊያ ብረት ሳይቀር ተበይዶለታል። ካለቀ አራት ወር ሆነው። አሥራ ሁለቱም በር ላይ ግን ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ምክንያቱም «ርክክብ አልተፈጸመም»። የሠራው ድርጅት ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት በፊርማ ማስረከብ አለበት፣ እንግዶች መጥተው ሪባን መቁረጥ አለባቸው፣ እንግዶቹ ደግሞ አልተመቻቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ርክክብ አልተፈጸመም የሚለው የመጠለያው አስተባባሪ ነው፤ ሴቶቹ አቶ ሂደት ብለው ስም ያወጡለት። አንገቱን ሰበር፣ እጁን ደረቱ ላይ ለጠፍ አድርጎ፣ «እናቶቼ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው!» ውኃ ሲጠፋ በሂደት ላይ ነው። ሸራ ሲቀደድ በሂደት ላይ ነው። ሚስቱ ምጥ ቢይዛት ምን እንደሚላት ሁሉም ያውቃል።

ምላጭን ጽዳት አድርጎ የቀጠራት እሱ ነው። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ሰኞ ሰኞ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብላ፣ ማንም ያልገባበትን ሽንት ቤት አጥባ፣ መልሳ መቆለፍ። እንግዶቹ ድንገት ቢደርሱ አቧራ እንዳያዩ! በእጇ ውኃ እያፈሰሰች፣ በአፍንጫዋ የሜዳውን ሽታ እየሳበች አራት ወር አጠበች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የአማቷ ኩባያ እንደሞላ ነው። ትናንትም እንደሞላ ነበር።

«ለምን አልጠጡም?»

«አልጠማኝም።»

«ከንፈርዎ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ?»

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። «ከጠጣሁ መሄድ አለ። ልሂድ ስል አንቺ ታዝይኛለሽ፤ ተሸክመሽም ሜዳ ላይ ነው የምታስቀምጪኝ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ቂጤን ለአገር ሳላሳይ ኖሬያለሁ። አሁን አላሳይም።»

ነርሷ መጥታ አየቻት፤ ምላጭን ወደ ውጭ ጠርታ፣ «ኩላሊታቸው እየደከመ ነው። ውኃ ካልጠጡ ሳምንት አይቆዩም» አለቻት።

ምላጭ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ አቶ ሂደት ቢሮ ገባች። ግን ለመነች። ለምና የማታውቅ ሴት ለመነች። «ጌታዬ፣ አንድ ክፍል ብቻ። ብረት ያለውን። ለአንዲት አሮጊት።»

«እኅቴ፣ ያልተረከብነውን ንብረት እንዴት እናስነካለን? እንግዶቹ ያገለገለ ሽንት ቤት ነው እንዴ የሚመርቁት?»

«እና ሽንት ቤት ድንግል ሆኖ ነው የሚዳረው?»

«ሥነ ሥርዓት ያዢ! እናትሽ ትንሽ ይታገሡ።»

«ታገሡ እኮ! ውኃ አቆሙ። ቀጥሎ የሚያቆሙት ትንፋሽ ነው።»

«በሂደት...» ሲል በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት አማቷን አዝላ ዘበኛው ፊት ቆመች።

«እኚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«ረዳቴ ናቸው።»

«መቆም የማይችሉ ረዳት?»

«ሥራቸው ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው።»

ዘበኛው ሊስቅ ሲል አሮጊቷን አያት። ቁልፎቹን ሰጣትና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እሱም እናት አለው።

ምላጭ አሥራ ሁለቱንም ጓጉንቸር ፈትታ ባልዲ ውስጥ ከተተች። አማቷን ብረቱን አስይዛ አስቀምጣ ወጣች። መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ።

«ምን ዝም ትያለሽ?» አለች አሮጊቷ ከውስጥ። «ጮክ ብለሽ አውሪ እንጂ፣ ይሰማል!»

ምን ታውራ? አንገቷን ሰበረች፣ እጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ በዚያ በአቶ ሂደት ድምፅ ለቀቀችው። «እናቶቼ! የእማማ ሽንት በሂደት ላይ ነው! እንግዶች እስኪመጡ ፊኛችሁን በትዕግሥት እንድትይዙ በአክብሮት እንጠይቃለን!»

ቦኖው ጋ ውኃ ይቀዱ የነበሩት ሴቶች ሰሙ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እየሳቁ መጡ። ሲደርሱ ግን ክፍት በር አዩ። ሳቁ ቆመ። ተሰለፉ፤ እርጉዟ ከፊት።

ድምፁን የሰማው ሌላም ሰው አለ። የራሱን ድምፅ ከሽንት ቤት በኩል ሲሰማ አቶ ሂደት እጁ ላይ የነበረውን ወረቀት እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«ማን ፈቀደ? ርክክብ ሳይፈጸም! ቆልፊ! አሁኑኑ ቆልፊ!»

አንቱ ስትለው የኖረችው ሴት ያኔ አንተ አለችው። «አንተ! አራት ወር! ለአንድ ሜትር ሪባን ብለህ አራት ወር ሴት በጥም አደረቅህ! እኔ ደግሞ በእጄ እያጠብኩ ቆለፍኩልህ! ርክክብ ነው የጠማህ? በል፣ ና ተረከብ!»

ባልዲውን ይዛ ወደ አንዱ ክፍል ገባች፤ ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀች። ጧ። ጧ። አሥራ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ የቁልፉን እስር።

«እንግዶችህ ሲመጡ ቁልፉ የት እንዳለ ንገራቸው። ሪባናቸውን ገመድ አድርገው ፈትለው ያውጡት።»

አቶ ሂደት ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አየ። ከኋላው ያለችው ሴት፣ «ጋሼ፣ ሊገቡ ከሆነ ወረፋ ይያዙ» አለችው።

ምላጭ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረች፤ ደብዳቤዋ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ይሄኛው በሂደት ላይ አልነበረም። ሽንት ቤቱን ግን ሴቶቹ ተራ አውጥተው ያጥባሉ። እንግዶቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። አዲስ ጓጉንቸር ይገዛ ተብሎ ተጠይቋል ይባላል፤ ግዢው በሂደት ላይ ነው።

ያን ቀን ደብዳቤውን ጨብጣ ሸራው ሥር ገባች።

«ሥራሽን አጣሽ?» አለች አማቷ።

«አጣሁ።»

«በእኔ ሽንት?»

«በእርስዎ ሽንት።»

አሮጊቷ ክንዷን ተደግፋ ቀና አለች። «እንግዲያው ኩባያውን አቀብይኝ። በከንቱማ አይሆንም።»

ጠጣች። ጉሮሮዋ እየጮኸ፣ አገጯ ላይ እየፈሰሰ፣ እስከ ጠብታው ጨለጠችው። ከዚያ ኩባያውን ዘረጋች።

«ድገሚኝ። ደግሞ አታጉድይ።»