ለባለቤቴ የሰፋሁት ቀበቶ

ቆዳ የሚሰፋ ሰው በሚናቅበት ዘመን ወስፌ ያነሳሁ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ማንበብንም ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። ዛሬ ሶዶ ውስጥ ኮርቻ ወይም ቦርሳ ሲቀደድ ወደ ማን እንደሚኬድ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። ከገሱባና ከተበላ ከተሞችም ይመጡልኛል።

ስለዚህ ባለቤቴ ከእምብርቷ በላይ ሎሚ የምታክል እብጠት ስታወጣ ሐኪም ቤት ወስጃት ከሐኪሙ ጋር ተከራከርኩ። ሄርኒያ ነው፣ የሆዷ ግድግዳ ተሸንቁሯል፤ ትንሽ ቢሆንም ሜሽ የሚሉትን ስስ መረብ አስገብተን መስፋት አለብን አለ።

«መጣፍ ነው በለኛ! እሱንማ ለእኔ ተወው።»

ሳቀ። «አባባ፣ ይሄኛው ከውስጥ ነው የሚጣፈው።»

ቤት ገብቼ ጥጥ የተሞላ ትራስ ያለው የቆዳ ቀበቶ ሰፋሁላት። እንሰት ስትፍቅ ትታጠቀዋለች። «ይወጋኛል» ስትለኝ «አጥብቂው» እላታለሁ።

ከወራት በኋላ «እህቴን አሟታል» ብላ ወደ በዴሳ ከተማ ሄደች። ሦስት ሳምንት ቆየች። በየቀኑ እየደወልኩ እነጫነጭ ነበር።

«ሰው ያለ ራት ይደር እንዴ?»

«አንተ ሁሉን ለራስህ ያስተማርክ! ወጥም ተማራ!» አለችና ሳቀች። ወዲያው ግን «በቃ፣ አታስቀኝ እባክህ» ብላ ዘጋችው።

ስትመለስ እብጠቷ የለችም። ቀበቶዬ አዳናት ብዬ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመናኸሪያ፣ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። እንደሷ እብጠት ያለባቸው ሦስት ሴቶች መጥተው ቀበቶ አሰፉኝ። እሷም ቀበቶውን ከወገቧ አልለየችውም።

አምና ጉበቷን ታመመች። አልትራሳውንድ የምታነሳት ሐኪም «እማማ፣ ሄርኒያው የት ተሠራ? መረቡ በደንብ ይዟል» አለቻት።

«አልተሠራችም፤ በቀበቶ ነው ያዳንኳት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሐኪሟ ቀበቶው ሲሸፍነው የኖረውን ጣት የሚያክል ጠባሳ አሳየችኝ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋት።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«በቀበቶህ ደስ ብሎህ ነበር። ለኦፕራሲዮኑ እህቴ ፈረመችልኝ።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«በጣም። ነርሷ እጄን ያዘችልኝ።»

ስቃ ስልኩን የዘጋችበት ቀን ትዝ አለኝ። ስፌቱ ገና አልጠገገም ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ራቴ ነበር የማወራት።

በወሩ በጉበቷ ሕመም አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ይህ ነው፦

ሦስቱን ሴቶች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ቀበቶውን አስፈታኋቸው።

ሁለቱን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ መረቡ ገባላቸው፤ ድነዋል። ሦስተኛዋ ትፈራለች። በየቅዳሜው እየሄድኩ እለምናታለሁ።

የአንዷን ባል ሱቁን አዘግቼ ወሰድኩት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል እስክትገባ እጇን ያዘ፣ ስትወጣም ያዘ። ቆሜ አየሁ።

ያኔ በስልክ እንዳለችኝ፣ ወጥ መሥራት ተማርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ጨው አይበዛበትም።