ጠረጴዛው ላይ የቀረው እጅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬአለሁ፤ ቁጣዬን፣ በጾም መብላቴን፣ ከወንድሜ ጋር በድንበር መኳረፌን። ይህን ግን ምላሴ ላይ እያደረስኩ መልሼ ስውጠው ስድስት ዓመት ሞላኝ። አሁን የምጽፈው ድፍረት ስላገኘሁ አይደለም። የደበቅሁት መስሎኝ የኖርኩት ነገር ያልተደበቀ መሆኑን ስላወቅሁ ነው።

እኔ አናጺ ነኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የሌሎችን ወንበር ገልብጬ አይቼ፣ እንጨት አበላሽቼ፣ የግራ እጄን የመሐል ጣት ጫፍ ለመጋዝ ሰጥቼ ነው የተማርኩት። በዚህ እኮራ ነበር። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው። «ያጠፋ ሰው አጠፋሁ ይበል» የሚለው ቃል ከእኔ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ መጥቶ ካልነገረኝ ለብርጭቆው ሳይሆን ለዝምታው ነበር የምቀጣው። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ እንደዚያ ያለ አባት ነኝ።

የመጀመሪያ ልጄ መሠረት ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከረመች። ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ መዞሩ ሲሰለቻት ከቤት ከመቀመጥ ብላ ሥራ ቤቴ መጣች። እኔ መጥረጊያ ሰጠኋት። እሷ ግን በሁለት ወር ውስጥ እኔ በሃያ ዓመት ያላገኘሁትን ነገር አገኘች፤ ማቅለሚያ የመቀባት እጅ።

የእንጨት ማቅለሚያ ከተራ ቀለም ጋር አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀለም ይሸፍናል። ማቅለሚያ ግን እንጨቱ ውስጥ ይገባና ያለውን ሁሉ ያወጣል። በደንብ ያልተፋቀ ቦታ ካገኘ አብዝቶ ይጠጣና ይጠቁራል። ኮላ የነካው ቦታ ካገኘ ደግሞ ጨርሶ አይጠጣም። የደረቀ ኮላ ለዓይን አይታይም፤ ማቅለሚያው ሲያርፍበት ግን ነጣ ብሎ ይወጣል። መሠረት ይህን ከማንም ሳትሰማ ገባት። ከመቀባቷ በፊት እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከገበታው ጋር አስተካክላ ከመስኮቱ በሚመጣው ብርሃን ታየዋለች። ኮላ ካለ ያኔ ያንጸባርቃል። እሱን ፍቃ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ እንደገና በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ነው ማቅለሚያውን የምትከፍተው። በቁራጭ እንጨት ላይ ትሞክረዋለች። ከእናቷ አሮጌ የዶርዜ ጋቢ በቀደደችው ጨርቅ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላ፣ መሐል ላይ ሳታቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ሳይደርቅም ትርፉን ትጠርገዋለች። ዋንዛ በእሷ እጅ ሲወጣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ደመና በሌለበት ቀን ከላይ ሆነው የሚያዩትን ቡናማ የአባያ ሐይቅ ውሃ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ከዳገቱ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የምታሠራ ሴት መጣች። ወይዘሮ አልማዝ እላታለሁ። መሠረት የጨረሰችውን ቁም ሳጥን በመዳፏ ዳሰሰችና፦

«ይሄን ማን ነው የቀባው?» አለች።

«ልጄ ናት» አልኩ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ አይቀየሙኝና እኔ የወደድኩት የልጅቱን እጅ ነው። አንድ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ሥሩልኝ። እንደዚህ ከወጣ የክፍሎቹን ዕቃ ሁሉ እሷ ናት የምትጨርስልኝ፤ ቋሚ ሥራ ይሆንላታል።»

መሠረት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጣች። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ «እንግዲህ አለቃህ ልትሆን ነው» ብላ ቀለደችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን ልቤ ሳቀ? አልሳቀም። ሃያ ዓመት በሠራሁበት ቤት «የልጅቱን እጅ» መባሉ ገርፎኝ ነበር። ይህን ሰበብ ብዬ አላቀርበውም። በልቤ ምን እንደነበረ እንድታውቁት ብቻ ነው።

የጠረጴዛውን ገበታ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አምስት የዋንዛ ሳንቃ ነበር። ቸኩዬ ነበር፤ ኮላውን አበዛሁት። በቀኝ እጄ ሳንቃዎቹን የሚይዘውን ሞርሳ ሳጠብቅ በግራዬ ገበታውን ተደግፌ ነበር፤ መዳፌ በኮላ ርሷል። የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሲገባኝ በደረቅ ጆንያ አሸት አሸት አድርጌ ተውኩት። በማግስቱ ገበታውን በብርጭቆ ወረቀት አለፍኩት፤ ማለስለስ ግን አልነበረም፣ ዳበሳ ነበር።

መሠረት ጨርቋን አርሳ መጣች። «አባባ፣ ላብሰውና ልየው» አለች።

«የኔን ሥራ ልትፈትሺ ነው?»

«ለኮላው ነው፤ ምናልባት…»

«ቀቢ ብያለሁ።»

ቀባች። እንደ ልማዷ፣ መስመሩን ተከትላ፣ ሳታቆም። ትርፉን ጠርጋ ቀና ስትል ዝንጉርጉሩን ሁለታችንም አየነው። በገበታው መገጣጠሚያዎች ዳር ዳር ነጣ ነጣ ብሎ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ከአንዱ ጥግ ላይ የሰው እጅ አየሁ። አምስት ጣት፣ የመሐሉ ከሌሎቹ አጠር ያለ።

በዚያች ደቂቃ መሠረት እጁን አየችው ወይስ አላየችውም? ለዓመታት ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። አላየችም ብዬ ለራሴ መለስኩ፤ ምክንያቱም ያኔውኑ ወይዘሮ አልማዝ ከበር ገባች።

ጠረጴዛውን ዞረችው። «ጋሽ ዘለቀ፣ ምን ነካው? እንደ ነብር ዝንጉርጉር ሆነ እኮ» አለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ጥጉ ሄድኩና፣ እንደሚደገፍ ሰው፣ ግራ እጄን በዚያ ነጭ እጅ ላይ አሳረፍኩ። ልክክ አለ። ማንም እንዳያየው ሸፈንኩት። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። አዎ፣ በዚህ ቃል ነው የጀመርኩት። «ልጅ ማመኔ ነው ጥፋቴ። ማቅለሚያው ሳትጠርገው ደረቀባት። እጇ ገና ነው፤ ያበላሻል።»

ያን ቀን «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን እውነተኛ ቃል ወስጄ ውሸት አደረግሁት። ልጆቼን የቀጣሁበትን ቃል። ከሁሉም የሚያመኝ ይህ ነው።

 መሠረት ጨርቁን እጇ ላይ እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ወደ ፊቴ ሳይሆን ወደ እጄ ነበር የምታየው። ወይዘሮ አልማዝ «አይ፣ እንዲህ ከሆነስ ይቅርብኝ» ብላ ወጣች። ሥራውን ለሌላ ቤት ሰጠችው።

ያን ገበታ በመላጊያ አንድ ጊዜ ብገፋው ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ንጹሕ ይሆን ነበር። እንደገና ቀብተን ብንወስድላት ሴትዮዋ ሐሳቧን ትለውጥ ነበር ይሆናል። አላደረግሁትም። ብገፋው ኖሮ መሠረት አጠገቤ ትቆማለች፤ ከመላጊያው የሚወጣው ፍቅፋቂ ኮላ እንዳለበት ታያለች። ስለዚህ ጠረጴዛውን ቤቴ አስገብቼ ላስቲክ አለበስኩት። ስድስት ዓመት ምሳዬን ስበላበት ኖርኩ።

ከወር በኋላ ትንሽ በርጩማ ሰጥቻት «ይህችን ቀቢልኝ» አልኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች፦

«እጄ ያበላሻል፣ አባባ» አለች።

ጠበቀችኝ። አሁን ነው የገባኝ እንጂ ያኔ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። እንድናገር ጠበቀችኝ፣ እኔም በርጩማውን ከፊቷ አንስቼ ራሴ ቀባሁት። ብዙም ሳትቆይ ሐዋሳ ሄደች። ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትመረምራለች። የሌላ ሰው ስፌት ላይ ጉድለት ስታገኝ ምልክት ታደርጋለች። አግብታ ልጅ ወልዳለች። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ አርሳ እንጨት ነክታ እንደማታውቅ እናቷ ነግራኛለች።

አምና ለመስቀል መጣች። በእኛ በጋሞ ለመስቀል ከቤቱ የሚቀር የለም፤ የተጣላም ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። ምግብ ሊቀርብ ሲል መሠረት ጠረጴዛውን ልትወለውል ላስቲኩን ገለጠችው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ያን ጥግ አየችው። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ትንሿ እጇ በእኔ እጅ ውስጥ ጠፋች። ከዚያ ላስቲኩን መልሳ አለበሰችና «አባባ፣ ይሄ ላስቲክ ተቀዷል፣ ይቀየር» አለችኝ። 

ሐዋሳ ከተመለሰች በኋላ ባለቤቴን ጠየቅኋት። ነገሩን ዞር ዞር አድርጌ ነበር የጠየቅኋት፤ እሷ ግን ቀጥ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ታውቃለች። ያን ቀን እጅህን ስታሳርፍበት ነው ያወቀችው። ለእኔ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«እናትህ ምን ትል ነበር?» አለችኝ።

እናቴ በጋሞ የኦቾሎ ሰው ነበረች። የተደበቀ ጥፋት ጎሜ ነው ትል ነበር፤ ያደረገው ሰው በገዛ አፉ አውጥቶ ካልተናገረ ከቤት የማይወጣ እርግማን። ሌላ ሰው ሊናገርለት አይችልም፤ የተበደለውም ቢሆን። ያወቀ ሰው ይጠብቃል እንጂ ቀድሞ አያወጣበትም። እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የአሮጊት ወሬ ብዬ ስቄበት ነበር። ልጄ ግን ከአያቷ ሰምታ ይዛዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሯን ክፍት አድርጋ ጠብቃኛለች። እኔ ነኝ ያልገባሁት።

ዘንድሮ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ትመጣለች። ትናንት ላስቲኩን ገፍፌ ጣልኩት። መላጊያዬንም አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ምልክቱን አጥፍቶ መናገር ሁለተኛ መደበቅ ነው። ገበታው እንዳለ ይቆያታል። ወንድሞቿ፣ ባሏና ጎረቤት በተቀመጡበት እነግራታለሁ፤ ያዋረድኳት በሰው ፊት ነውና።

አባት ስለሆንኩ፣ ስለሸበትኩ ይቅር በሉት እንዳትሉኝ። ስድስት ዓመት የወሰድኩት ከልጄ እጅ ነው፤ አይመለስም። ይቅር ብትለኝ ምሕረቷ ነው። ባትለኝ ልክ ናት።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ግራ እጄን በዚያ ነጭ እጅ ላይ አሳረፍኩት። እጄ በእርጅና ተጨማዷል፣ ግን አሁንም ልክክ ይላል፤ አጭሩ ጣት በአጭሩ ላይ። ያን ቀን መናገር የነበረብኝ ሦስት ቃል ብቻ ነበር። ለመስቀል እንድለው ድምፄን አውጥቼ ተለማመድኩት።

እጁ የእኔ ነው።