ግዝቱና የሐሙስ ቀጠሮ

ላሊበላ ውስጥ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ሞልቷል፤ በቅሎ እያከራየ ጤና ጣቢያ የሚያማክር ግን እኔ ብቻ ነኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት ስድስተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው። የቀረውን ትምህርት እንግዶች ወደ አሸተን ማርያም ሳወጣ ዳገቱ ላይ ተማርኩት፤ ፈረንጅ ሲደክመው ብዙ ያወራል፣ እኔ ደግሞ መስማት አይደክመኝም። በአራት ቋንቋ «ቀስ በል፣ ገደል ነው» ማለት እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?

ጤና ጣቢያ ያስገባኝ አረቄ ነው። እኔም ጠጪ ነበርኩ፤ ታክሜ ተውኩ። ያከመችኝ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት የደሴ ልጅ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ በሽተኛው ሁሉ እየዋሸኝ ነው። ጠጪ ሆኖ አልጠጣም ይለኛል። እስቲ አንድ ቀን አብረኸኝ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ከገነተ ማርያም በኩል የመጡ፣ ዓይናቸው ደም የመሰለ ገበሬ ገቡ። ሲስተር ቅጿን ይዛ ጠየቀቻቸው።

«አልኮል ይጠጣሉ?»

«እኔ? ኧረ በማርያም!»

ወደኔ አየች። ፊቴን ወደ ሰውዬው አዞርኩና «አያ፣ ጠላስ?» አልኳቸው።

«ጠላማ እህል ነው።»

«በቀን ስንት ጣሳ እህል ይቀምሳሉ?»

«እንደ ሥራው ነው። ሰባትም ስምንትም።»

«አረቄስ?»

«እሱ ጠዋት ለብርዱ ነው እንጂ እንደ መጠጥ አልቆጥረውም።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልኮል የሚለውን ትታ በጣሳና በመለኪያ ትጠይቃለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማንም ባይጽፈው እዚህ ጽፌዋለሁ። ሐሙስ የጠጪዎች ቀጠሮ ቀን ሆኖ ተቆረጠ፣ እኔም ሐሙስ ሐሙስ በቅሎዎቼን አሰማርቼ እሷ ዘንድ መዋል ጀመርኩ። የሚፈራውን አጫውታለሁ፣ የቀረውን ቤቱ ሄጄ እጠራለሁ።

ታዲያ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። ትንሽ ጥፋት አላውቅበትም።

ጎረቤቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የኛ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያኖቹን የወቀሩት መላእክት ናቸው ይላል፤ የሱን እጅ ሲያይ ግን ትንሽ ይጠራጠራል። ያ እጅ ጠዋት ጠዋት አረቄ ካላገኘ መዶሻ መያዝ አቅቶት ነበር። ሚስቱ «አንተ ጤና ጣቢያ ትውላለህ፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግ» ብላ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ ሐሙስን መጠበቅ ረዘመብኝ። አጭር መንገድ አውቃለሁ አልኩና ወደ ንስሐ አባቱ ወሰድኩት።

አባ መጀመሪያ አመነቱ። «ይቆይ፣ ይሰብበት» አሉ። እኔ ነኝ ቆሜ ያጣደፍኳቸው። መስቀላቸውን አነሡና «አረቄ ብትቀምስ፣ ጠላ ብትቀምስ፣ ውግዝ!» ብለው ገዘቱት። የኛ ሰው የፈረመበትን ወረቀት ሊረሳ ይችላል፤ ግዝት ግን አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልነካም።

በሦስተኛው ቀን ደረቴን ነፍቼ ሲስተር ዘንድ ገባሁ።

«ሲስተር፣ አንቺ በወር የማትጨርሺውን በአንድ ጠዋት ጨረስኩልሽ!» ብዬ ነገርኳት።

አልሳቀችም። «መቼ ነው ያቆመው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ምንም መድኃኒት ሳይወስድ? በአንዴ?»

«በአንዴ ነዋ! ግዝት በግማሽ የለም።»

ቦርሳዋን ብድግ አደረገች። «እንደሱ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይነሣበታል። ሊሞት ይችላል ጋሼ። ና ምራኝ!»

ስንደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል፤ ከክንዱ ላይ የሌለ ጉንዳን ይለቅማል። ግማሹ ሰው «ይዞታል፣ ጠበል ይወሰድ» ይላል፣ ግማሹ «አንድ መለኪያ ስጡት» ይላል። እኛ በሩን ስንገባ ሰውነቱ ተገተረና ወደቀ። ሲስተር ሰዉን ገፍታ ተንበረከከች፣ በጎኑ አስተኛችው፣ ጭንቅላቱን ደግፋ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስነው። አምስት ቀን ተኛ። የሚያረጋጋውን መድኃኒት በየቀኑ እየቀነሰች ሰጠችው፣ አገግሞ በእግሩ ወጣ።

እኔን «ሐሙስ እንዳትቀር» ብቻ አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ሐሙስ ሳያዛንፍ መጣ። ፊቱ ጠራ፣ መዶሻውም ተሰማ። ከዚያ የአጎቱ ተዝካር ደረሰ። በዘመድ መሃል ተቀምጦ ጣሳ ሲሰጡት እምቢ ማለት ሟቹን መናቅ መሰለውና ጠጣ። ለሲስተር ይህ አንድ ጣሳ ነው፤ ሐሙስ መጥቶ ቢነግራት ይታረማል። ለሱ ግን የፈረሰ ግዝት ነው። ውግዝ የሆነ ሰው ሁለተኛውን ጣሳ ቢተው ምን ይጠቅመዋል? አልተወውም። ሁለት ሐሙስ ሳይመጣ ቀረ።

ሲስተር ራሷ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ የለም አለቻት፤ ጫማው በር ላይ ነበር። ተመልሳ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«የሚያስፈራኝ መጠጣቱ ብቻ አይደለም። አፍሮ እንደገና በራሱ በአንዴ ካቆመስ? ያኔ ደረስንለት። አሁን ባንደርስስ?»

እኔ ስሄድ አስገባኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ውግዝ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል? ጥሩ ልጅ ናት፤ አትድከም በላት» አለኝ።

ይህን ስነግራት ሲስተር ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «ለዚህ መድኃኒት የለኝም።»

«አንቺ ዘንድ የለም» አልኳት፤ «በግዝት ያሰሩት አባ ግን አሉ። ነጠላሽን ያዢ።»

አባን ከጸሎት ሲወጡ አገኘናቸው። ገና ሲያዩኝ «አንተ ደግሞ፣ ዛሬ ማንን ልታስገዝት መጣህ?» አሉ። ሲስተር መስቀል ተሳለመችና የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ከተገዘተ በኋላ ወደቀ ነው የምትይኝ።»

«አዎ አባ። በዚህ በሽታ መውደቅ ያለ ነው። ብዙዎቹ ከመዳናቸው በፊት ይወድቃሉ።»

«ወድቆ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«እንቀጥል እለዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በመጣ ቁጥር።»

አባ መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጠሩ።

«ቸኩዬ አሠርኩት» አሉ። «ይህ ሰውዬ ቢያጣድፈኝም አባቱ እኔ ነኝ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ይምጣና እፈታዋለሁ። ቀኖናውም አንቺ በቃህ እስክትይው ድረስ ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ዘንድ መሄድ ነው። ግን በእግሩ ይምጣ። ደጅ ለደጅ እየዞርኩ ግዝት አልፈታም።»

«አባ፣ እስኪመጣ ድረስ በራሱ እንዳያቆም ይንገሩልኝ።»

ዓይናቸውን አፈጠጡ። «እየጠጣ ይምጣ ነው የምትይኝ?»

«እኔ ዘንድ እስኪደርስ ብቻ።»

«ጉድ ነው!» አሉና ወደኔ ዞሩ። «በል ሂድ። ያንን ምላስህን ለአንድ ቀን ለደግ ነገር አውለው።»

ሄድኩ። መደቡ ሥር ተቀምጬ ያባን መልእክት ነገርኩት። አልተነሣም። ቀለድኩ፤ በቅሎዬ እንኳ የሰማቻቸውን የድሮ ቀልዶቼን ሁሉ አወጣሁ። አልሳቀም። በመጨረሻ «አንተ ምን አለብህ? በአንድ ቃል የተውክ ጀግና» አለኝ።

ይህ በየድግሱ የማወራው ወሬ ነው፤ አረቄን በአንድ ቃል ተውኩ፣ ዞሬም አላየሁት። ሰው ወዶት በየሄድኩበት እንድደግመው ይጠይቀኛል። ቤቱ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

«ውሸት ነው» አልኩት። «ሁለቴ ወድቄያለሁ። አንዴማ አሸተን መንገድ ላይ በቅሎዬ እየጠበቀችኝ። ሁለቱንም ጊዜ ሲስተር ተቀበለችኝ። ለማንም ስላልተናገረች እኔ በጀግንነት ሞላሁት።»

ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

«ያኔ ሳምንት ሙሉ ከቤት ያልወጣህ ጊዜ... ሚስትህ ወባ ነው አለችን እኮ!»

«ወባ? በዚህ ብርድ?»

ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ፤ ይንቀጠቀጣል። «እየው።»

«እያየሁ ነው። ተነሥ።»

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባ ቆመው ጠበቁን። እግራቸው ላይ ወደቀ። ረጅም ተግሣጽ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን መስቀላቸውን አሳርፈውበት «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና ክንዱን ይዘው ራሳቸው አነሡት። ከዚያ ቀስ እያልን ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን። ሁለቴ ልመለስ አለኝ፣ ሁለቴም ክንዱን አልለቀቅኩም።

ሲስተር ባለፈው ሐሙስ የተለያዩ ያህል «እንኳን መጡ፣ ይግቡ» አለችው። የደም ግፊቱን ልትለካ እጅጌውን ስትሰበስብለት እኔ እንዴት እንዳመጣሁት ማስረዳት ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ውጭ» አለችኝ።

ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ ጋቢውን ታቅፋ እየሮጠች መጣች።

«ገባ?»

«ገባ።»

«አሁንስ ይተወዋል?»

የተዘጋጀ ትልቅ መልስ ነበረኝ፤ ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት።

«እኔ እንጃ እቴ» አልኳት።

ሲስተር በሩን ከፈት አድርጋ እጇን ዘረጋች። «ጋቢውን ስጪኝ። ዛሬ እዚህ ነው የሚያድረው።»