በቁሜ የተለቀሰልኝ ዓርብ

ባለፈው ዓርብ ከገበያ ስመለስ ሁለት ተማሪዎች የድልድዩን ብረት ተደግፈው የባቄላ እሸት ሲበሉ አገኘኋቸው። ቁልቁል ወንዙን እያዩ ይሳሳቃሉ። እኔ እዚያ ቦታ ቆሜ ስቄ አላውቅም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የእግረኛ ድልድይ ሊሠራልን ነው ተባለና ከወረዳ የተላከው ባለሙያ ከታች፣ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ችካል ተከለ። ገበያተኛው ግን የሚሻገረው ከላይ፣ በሾላው በኩል ነው። እናቴም በየሳምንቱ ጌሾ ተሸክማ በዚያው ታልፍ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ እስክትመለስ ድረስ ደጅ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ሽማግሌዎች ቢናገሩም «ጥናቱ አልቋል» ተባሉ። እኛ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ልጆች ታዲያ ጎርፍ የወሰዳትን ልጅ ታሪክ በገበያው መካከል ልንሠራ ተነሣን፤ ባለሙያውንም ጠራነው። ሟቿ እኔ ሆንኩ።

ለልቅሶው የአገሩን አልቃሽ፣ እትየ ጥሩወርቅን ለመንን። ሞኝነታችን!

«በቁሙ ላለ ሰው አላለቅስም፤ ሟርት ነው» አሉን።

«ለጨዋታ እኮ ነው፣ እትየ።»

«ልቅሶ ጨዋታ የለውም፣ ልጄ።»

ሆኖም ዓርብ ዕለት መጡ።

ጋቢ ተከናንቤ ቃሬዛ ላይ ተጋደምኩ። ጋቢው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ እንዳያስነጥሰኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። እትየ ጥሩወርቅ ስሜን ጠርተው ሙሾውን ሲጀምሩ ገበያው ጸጥ አለ። ከዚያ ሌላ ስም ጠሩ፤ ሌላም። በሾላው በኩል ሲሻገሩ ውሃ የወሰዳቸውን አንድ በአንድ አወረዷቸው፤ ጨው የተሸከመውን፣ ልጅ ያዘለችውን። በየመሐሉ የእኔ ስም ይመለሳል። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ይሰማኛል። እጅና እግሬ ቀዘቀዘ፤ እውነት የሞትኩ መሰለኝ። ልነሣ ብል አቃተኝ።

«ልጄን! ልጄን ግለጡልኝ!»

እናቴ ነበረች፤ ስለ ድራማው አልነገርኳትም ነበር። ስሜን ከሩቅ ሰምታ ሕዝቡን ጥሳ መጣችና ጋቢውን ገፈፈችው። ዓይኔን ስገልጥ እላዬ ላይ ወደቀች።

ባለሙያው ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። «ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቦታ ነው ያለቀው?» አለ።

«በሾላው በኩል ነዋ» አሉት እትየ ጥሩወርቅ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስንነግርህ የከረምነው ይኸንኑ አይደል?»

በሳምንቱ ችካሉ ተነቅሎ ወደ ላይ ሄደ። እናቴ ግን ሟርቱ እንዲነሣልኝ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችኝ። እኔም ብሆን ለብዙ ጊዜ ሰው ከሩቅ ሲጣራ ያ ሙሾ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

ዛሬም ድልድዩ ላይ ስደርስ ብረቱን ጨብጬ ነው የምሻገረው። የምፈራው ውሃውን አይደለም፤ ሰሚ ማጣትን ነው። ሽማግሌ ሲናገር ያልሰማ ጆሮ፣ የሰማው ሲለቀስ ነው። ከዚህ በታች ድልድይ የሌለው ስንት መሻገሪያ አለ፤ እትየ ጥሩወርቅ ካረፉ ወዲህ ግን የሚተካቸው አልቃሽ አልተገኘም።