የመርጋ ጣት በዕቁባይ ሸክላ

መርጋ በስደት በሚኖርባት የከተማ ዳር ሰፈር፣ ታርኔት፣ የባቡር ጣቢያው የተከፈተ ዓመት ነው፤ በፈረንጁ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት መርጋ ከመጋዘን ሥራው፣ ከዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ወርዶ ቤቱ እስኪደርስ መኪናው ውስጥ ሰዓት ሙሉ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ የሚያስበው አንድ ሰው ነው፤ ዕቁባይን።

ዕቁባይ ዲጄ ነው። ካርልተን በሚባለው ሰፈር፣ ከመንግሥት ፎቆቹ ባንዱ፣ አሥራ አራተኛው ላይ፣ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ሬጌ ያቀናብራል። ዱሮ ሁለቱ አይለያዩም ነበር። ያገሩ ሰው በሚበዛበት ሰፈር፣ ፉትስክሬይ፣ ሠርግ ካለ ዕቁባይ ሙዚቃውን ያጫውታል፤ መርጋ ቤዝ ጊታሩን ታጥቆ ከጎኑ ይቆማል። መርጋ በዕድሜው አንድ ዘፈን ሠርቷል፤ ሦስት ዓመት ፈጅቶበት። ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ድምፁም፣ ቤዙም የራሱ። የሰማው ሁሉ ጥሩ ነው አለው፤ ከዚያ ተረሳ።

ዕቁባይን ግን በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ያዘው። ደብ የሚሉት ነው። የሰው ዘፈን ይቀበልና የዘፋኙን ድምፅ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ድራሙንና ቤዙን ያስቀራል፤ ጊታሯን አንዴ ብልጭ ያደርግና እንደ ገደል ማሚቶ እያስተጋባ ይለቃታል። እንዲህ እያለ በሁለት ዓመት አሥራ አንድ ሸክላ አወጣ። መርጋ አሥራ አንዱንም በየስማቸው ያውቃቸዋል፤ ስለወደዳቸው ግን አይደለም።

ሚስቱ ታየች ጴንጤ ናት፤ እሑድ እሑድ ትዘምራለች። ዘፈን እቤቷ አይገባም፤ የባሏንም እንኳ አንድ ቀን አዳምጣ አታውቅም። መርጋ ይሄን ችሎ ነው የኖረው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ዕቃ እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማ። ጆሮውን ጣል ቢያደርግ፣ እሱ መኪናው ውስጥ የሚከፍተው የዕቁባይ ደብ ነው።

"ዘፈን ተፈቀደ እንዴ?" አላት።

"ይሄ ምኑ ዘፈን ነው? ቃል የለው፣ ምን የለው። ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?" አለችው፣ ዞር እንኳ ሳትል።

መርጋ የጀመረውን ቡና ትቶ ወጣ።

በሳምንቱ ዕቁባይ ደወለ። ያቺን ዘፈንህን መሣሪያውን ሁሉ ለየብቻ አድርገህ ስጠኝ፣ አሥራ ሁለተኛውን በሷ ልሥራው፣ አለው። መርጋም እሺ አለ። ከሥራ መልስ ተቀምጦ ድራሙን፣ ጊታሩን፣ ድምፁን ፍላሽ ላይ ገለበጠ። ቤዙ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቤዝ ከሌለ ደብ የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል። ቤዙን ለብቻው በሌላ ፍላሽ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ፣ ካልሲዎቹ ሥር ሸጎጠው። ለዕቁባይም የቤዙ ጠፋ፣ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ ነበር አለው። መጥቼ እንደገና ልጫወትልህ አላለም። ዕቁባይም አይዞህ አለው። አይዞህ መባሉ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዕቁባይ ፉትስክሬይ፣ እፋናዬ ካፌ ጠራው። ፋናዬ ጥጉ ላይ የሸክላ ማጫወቻ አላት። መርጋ ባዶ የሆነ ሙዚቃ እንደሚሰማ ርግጠኛ ስለነበር፣ የሚያዝንበትን ፊት አዘጋጅቶ ነው የመጣው። መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ፤ ቤዙ ገባ።

የራሱ ቤዝ ነው። አካሄዱ የሱ፣ አተነፋፈሱ የሱ። ያኔ ሲቀዳ ሦስተኛው ዙር ላይ የቀለበት ጣቱ ተንሸራትቶ አንዲት ኖታ የዘገየችበት ቦታ አለች፤ ስንት ዓመት አፍሮባታል። እዚያ ቦታ ሲደርስ ኖታዋ እንደዚያው ዘገየች።

"ማነው የተጫወተው?" አለ መርጋ።

"እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ትራም ላይ ስሰማው የኖርኩትን ቤዝ እንዴት ልርሳው? ያቺ የምታዘገያት ኖታ ግን ሰባት ቀን አሠራችኝ። ሆን ብለህ ስትስታት እንዲያ አትመጣም እኮ፣ ወንድሜ።"

መርጋ ሸክላውን አንስቶ መሐሉ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ቤዝ፣ መርጋ ይላል።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን የምሩን የቀናው ያን ቀን ነው፤ የፊቱ ቅናትማ ምን ነበርና። ያቺ ስሕተት እንኳ የሱ ብቻ ነበረች፤ አሁን እሷንም ዕቁባይ ቻለባት።

ሸክላውን እቤት ይዞ ገባና ከፈተው። የዘፋኙ ድምፅ ወጥቶለታልና ታየች ልብስ እያጣጠፈች አዳመጠችው፤ ከዚያ እንደገና አስደገመችው። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል አለች። የኔ ዘፈን ነው እኮ አላት፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነው። ስሙንም አሳያት። ፊቷ በራ።

መርጋ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ግን አንገበገበው።

"የተጫወተው እሱ ነው" አላት።

ታየች ያጠፈችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች።

"አንተ እያለህ?"

መርጋ ያጣጠፈችለትን ካልሲ አንስቶ ወደ መኝታ ቤት ሄደ፤ መሳቢያውን ሳበና፣ ካልሲውን ቤዙ ባለባት ፍላሽ ላይ ደርቦ ዘጋው።