ጤነኛ የተባልኩበት ቀን

የዕድሜ እኩዮቼ ጥቁር ኮት ሲያምራቸው እኔ ነጭ ነጩን ነበር የምለብሰው። ከክርኔና ከጀርባዬ የሚረግፈው ቅርፊት ጥቁር ላይ ያሳጣኛል። መስጊድ ለሶላት ስንሰለፍ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል፤ በእኔ ግራና ቀኝ ግን ሁልጊዜ ክፍተት አለ። የሚናገረኝ የለም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ መልስ እሰጣለሁ።

ደሴ ያየኝ ሐኪም «ሶሪያሲስ ይባላል። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አንተንም ጨርሶ አይለቅህም» ብሎኛል። የእኛ ከተማ ሐይቅ ግን ሶሪያሲስ የሚባል ነገር አያውቅም። አልሽር ያለ የቆዳ በሽታ ሁሉ ቁምጥና ነው፤ ቁምጥና ደግሞ በዘር ይወርዳል ይባላል።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ እህቴ ለአምባሰል ሰው ታጨች። የሙሽራው ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው «ንጹሕ ነው» አሉ። በመጡ ቀን እናቴ እኔን አርዲቦ ዘመድ ቤት ሰዳኝ ነበር። ጎረቤቶቻችንም ቢጠየፉኝ እንኳ ለባዳ አልተናገሩብኝም።

ኒካሑ ሳይታሰር እኔ ለውትድርና ተመለመልኩ። የዘመቱት የሰፈሬ ልጆች አንዳቸውም ገና አልተመለሱም።

«ገላህን አሳያቸው ልጄ፣ ይመልሱሃል» አለች እናቴ። «የእህትህን ነገር አላህ ያውቃል።»

እህቴ ሸሚዜን እያጠበች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

የአውራጃው ምልምል የሚመረመረው ሐይቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ስገባ ከገበያ የማውቀው የሙሽራው አጎት በር ላይ ቆሟል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ እሱም ያውቃል። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነውና የአካባቢውን ልጆች ይዞ መጥቷል።

«ሸሚዝህን አውልቅ!» አለ መርማሪው።

አወለቅኩ። መርማሪው ወደ ኋላ ሸሸ። «ምንድን ነው ይሄ? ቁምጥና አለብህ እንዴ?»

የሙሽራው አጎት አንገቱን አስግጎ ያየኛል። አዎ ካልኩ ማታ ቤቴ ነኝ። አዎ ካልኩ እህቴ ቆማ ቀረች። ለመዳን ፈለግሁ፤ አልዋሽም፣ በጣም ፈለግሁ። ግን ያ ቃል ከራሴ አፍ እንዲወጣ ማሰቡ ደሜን አፈላው።

«አይደለም» አልኩ። «ቁምጥና የበላው ገላ ሕመም አያውቅም። መርፌ ካለዎት ይውጉኝ።»

ቅርፊቱ መሐል ወጋኝ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚችለው። እኔ ግን በር ላይ ያለው ሰው እንዲሰማኝ ሆን ብዬ «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ምልምሉ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ በመርፌ! ጥይት ሲመጣ ምን ሊል ነው?» አለ አንዱ። እንባዬ መጣ።

መርማሪው «ጤነኛ ነው! ቀጥል!» ብሎ ተጣራ።

በሰው ፊት ጤነኛ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። የሙሽራው አጎት መጥቶ ራቁት ትከሻዬን ጨበጥ አደረገ፤ እጁንም አልጠረገም። «አብሽር ልጄ፣ አይዞህ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። ወዴት እንደምሄድ ትዝ ያለኝ የጭነት መኪናው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።