የተውሶ እንባ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሜ ሰባተኛ ሰፈር አጠገብ ወዳለ ቪዲዮ ቤት ወሰደኝ። ሥራው አትክልት ተራ ከጭነት መኪና ላይ ሽንኩርት ማውረድ ነበር፤ የሚያርፈው እሁድ ብቻ ነው። የገባነው የጥይት ፊልም መስሎን ነው። አልነበረም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው፤ በእኔ ዕድሜ ይሆናሉ። ቋንቋቸውን አናውቅም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወንዝ ዳር አብረው ይቀመጣሉ። ብዙም አያወሩም።

የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። መሳሳም ሲመጣ ኮታቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይጥሉበታል፤ ልማዳቸው ነው። ልጆቹም ሁልጊዜ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ የሚታየው?» እያሉ ይንጫጩባቸዋል። የዚያን ቀን ኮታቸውን አውልቀው ተነሱና እንደያዙት ቆመው ቀሩ። ልጁ የልጅቷን እጅ ይዞ፣ ፈርቶ፣ ጠጋ እያለ ነበር። ማንም አላፏጨም። ኮቱም አልተጣለም።

መጨረሻ ላይ ልጅቷን መኪና ይዟት ሄደ። ልጁ እጁን እንኳ አላወዛወዘላትም። እኔ አለቀስኩ። ድምፄ ወጣ።

«የዚህ ልጅ ዘመዶች ናቸው መሰለኝ» አለ ከፊት የተቀመጠ አንዱ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እኔ ነኝ ያስለቀስኩት» አለ ወንድሜ። «ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩት።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ግን አፍሬ ቤት እስክንደርስ አላናገርኩትም።

ሰኞ ንጋት ላይ ሥራው ቦታ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ወንድሜን ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

ቀብር ላይ እንባ አልመጣልኝም። እናቴ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። እኔ ደርቄ ቆሜያለሁ። አክስቴ ክንዴን ጨብጣ፣ ሰው እያየን ነው፣ እንዴት ለወንድምህ አታለቅስም አለችኝ። ምን ላድርግ? ዓይኔን ጨፍኜ ፊልሙ ላይ ያየኋትን ልጅ አሰብኩ። መኪናው ሲሄድ። ወዲያው አለቀስኩ፤ ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤቶች ደግፈው ያዙኝ።

ድንኳን ውስጥ የሚወራው የእኔ ልቅሶ ሆነ። ወንድሙን እንዴት ይወደው ነበር ይላሉ። እናቴ አቅፋ ግንባሬን ሳመችኝ። ያኔ የምገባበት ጠፋኝ። ያለቀስኩት ለማላውቃት፣ ለሰው አገር ልጅ ነው። ለእሱ አንዲት ጠብታ እንኳ አላወጣሁም። እወደው ነበር፤ ይህን ግን በምን አሳያለሁ?

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ መርዶውን ሰምተው ከገጠር ደረሱ። ወንድሜን በስሙ እየጠሩ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ተነሳ፤ ልቅሶው እንደ አዲስ ሆነ። አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን ጠበቁ። አክስቴም ታየኛለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው መጣ፤ ልጅቷ ልትገባ ነው። እንባዬም ቀረበ።

ዓይኔን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ እንባ እምቢ አለኝ» አልኳቸው።

አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አጎቴ እጃቸውን ከአንገቴ ላይ አነሱ። «እንግዲህ ተቀመጥ» አሉኝ።

መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ድንኳኑ በር ላይ የነበረውን ማስታጠቢያ አነሳሁና በአጎቴ እጅ ላይ ውሃ አፈሰስኩላቸው፤ የመንገድ አቧራ ነበረባቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጡትንም በየተራ አስታጠብኩ። እጅ እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው፤ ቀና ብዬ የማንንም ፊት አላየሁም።